ስልሳ የእድር ወንበር

የጋሽ ኢድሪስን ሞት የነገረኝ ለሠርግ ስፒከር ሊከራይ የመጣ ሰው ነው። ስለ ሰዓቱና ስለ ቦታው ተነጋግረን ስንጨርስ፣ ወንበር ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅሁት። የስፒከሩን ቦታ የምወስነው ወንበሩ ሲደረደር አይቼ ስለሆነ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

«ድሮ ያ ወንበር ቆጣሪው ሽማግሌ ነበር የሚያስተባብርልን» አለኝ። «ባለፈው ሐሙስ ባምባሲ፣ ልጁ ቤት ሞተ አሉ።»

እንደ ማንኛውም የከተማ ወሬ ነው የነገረኝ። እኔም እጄ ላይ የነበረውን ገመድ መጠቅለሌን አላቆምኩም። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ገመዱን ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት። ተጣሞ ነበር።

ወንበር ቆጣሪ የሚለው ስም የወጣላቸው በእውነትም ስለሚቆጥሩ ነው። በዓይን አይቆጥሩም። በረድፉ መካከል እየሄዱ የእያንዳንዱን ወንበር መደገፊያ በመዳፋቸው መታ ያደርጋሉ፤ ቁጥሩን በበርታኛ፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ይጠሩታል። ሲጨርሱ ድምሩን በአማርኛ ጮክ ብለው ይናገራሉ፦ «ኸላስ! ሁለት መቶ አርባ።» ከዚያ ከየረድፉ አንዳንዱን መርጠው ይቀመጡበታል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይወዛወዛሉ። እግሩ የላላ ካገኙ ይገለብጡትና ሆዱ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ጭረት ያደርጉበታል። የተጫረ ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥም። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ነጭ ቆባቸው ሥር ሁልጊዜ የተቆረጠች እርሳስ ትሻጣለች።

ሰው ቆሞ ማየት አይችሉም ነበር። ሱቄ ውስጥ ያለችው አንዲት በርጩማ ናት። እሳቸው ተቀምጠው ሳሉ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ ደንበኛ ከገባ ይነሱለታል፤ ተማሪም ቢሆን። አንድ ቀን «አይነሱ እንጂ፣ ልጅ እኮ ነው» ብላቸው፣ «ኢንጅነር፣ ሰው ሲቆም ጉልበቱ ነው የሚያስበው። ሲቀመጥ ልቡ ያስባል» አሉኝ። ኢንጅነር የሚሉኝ ለቀልድ ነው። ኮሌጅ አልገባሁም፤ አምፕሊፋየር መጠገን የተማርኩት በቤተ ክርስቲያናችን የተቃጠሉትን እየፈታሁ ነው።

ይበልጥ የቀረብኳቸው የአንድ አውቶቡስ አደጋ ምርመራ በሕዝብ ፊት ሊካሄድ ሲዘጋጅ ነው።

አደጋው የደረሰው በዓረፋ ዋዜማ ነበር። ከአሶሳ መናኸሪያ ከቀትር በኋላ የወጣ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ከመንገድ ወጣና ገደል ገባ። ከሹፌሩ ጋር አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ለበዓል ወደ ቤታቸው የሚሄዱ የበርታ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ሹፌሩ ሰዒድ ይባላል፤ ቤተሰቦቹ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከአሶሳ ወጣ ባሉት አምባዎች የሰፈሩ ናቸው። የሞተ ሰው አይመልስምና ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ላይ ወደቀ። ጫት ሲቅም አድሮ እንቅልፍ ጣለው ተባለ። እናቱ እማማ ዘሐራ ከልጃቸው ሞት ጋር ይህንንም ተሸክመው ከዓመት በላይ ኖሩ።

ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ መርማሪ ቡድን ከሌላ ከተማ እንደሚመጣና ምስክሮችን በአዳራሽ፣ ሕዝብ ባለበት እንደሚሰማ ተነገረ። አዳራሹን የማዘጋጀቱ ሥራ ለጋሽ ኢድሪስ ተሰጠ። ያን ጊዜ የጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ድምፁንና ጽሕፈቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ቀኑን ራሳቸው ናቸው የመረጡት። ዓርብ ጁምዓ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ሰኞ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አይደርስም። ማክሰኞ ሆነ። አዳራሹ ያለው መቶ ወንበር ነው። ሰማንያ ነጭ ወንበር ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ተዋስን። ስልሳ ሰማያዊ ደግሞ ከአንድ የሰፈር እድር ተገኘ፤ የእድሩ ዳኛ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ።

«ሰው ከሞተ ወዲያው እንወስዳለን። ሰው ተቀምጦበታል ብላችሁ እንዳትከራከሩን።»

«አልከራከርም» አሉ ጋሽ ኢድሪስ። «ለቅሶ ይቀድማል። ጻፈው፣ ኢንጅነር።» ጻፍኩት፤ ፈረሙ። ስልሳውን ሰማያዊ ወንበር ከኋላ፣ በበሩ በኩል በሦስት ረድፍ ደረደሩት፤ ቢወሰድ መሀል እንዳይረበሽ።

ለምስክሮች ባለ ክንድ ወንበር ካልተገኘ ብለው ሁለት ቀን ዞሩ። በመጨረሻ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት አንድ የእንጨት ወንበር አመጡ። «ስለ ሞተ ሰው የሚናገር ሰው፣ እጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል» አሉ። አዳራሹ መሀል አስቀመጡትና ተቀመጡበት። እንደ ሌላው ወንበር አልተወዛወዙም። ክንዶቹን ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩ። እኔ ማይኩን ከፍና ዝቅ እያደረግሁ ስለነበር፣ በቁመታቸው ላስተካክለው ብለው የተቀመጡ መስሎኝ አለፍኩት።

ከባዱ ነገር የእማማ ዘሐራ መቀመጫ ነበር። የሟች ቤተሰቦች ተወካይ ሐሚድ የሚባል ሰው ነው፤ ወንድሙ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሞቷል። የበርታ ሰው በመሆኑ አማርኛው ሴትን ከወንድ አይለይም። ዝግጅቱን ሊያይ መጥቶ፣ ወንበሮቹ ላይ የለጠፍኩትን የስም ወረቀት እያነበበ ሄደና ከፊት ረድፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ የሹፌር እናት ነው? እሱ ልጅ ወንድሜን ገደለ። እናቱ ከፊት ምን ይሠራል?»

«ይሰማል» አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

«እሱ ከገባ እኛ እንወጣለን።»

«በር ሁለት ነው፤ መውጣት የፈለገ ይወጣል። ወንበሩ ግን ቦታው ላይ ይጠብቀዋል፤ ለሌላ አልሰጥም፣ ወላሂ።»

ሐሚድ ወረቀቱን ሊቀደው እጁን ዘረጋና ተወው። የራሱን ስም ግን ከፊት ረድፍ ልጦ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ሰማያዊ ወንበር ላይ ለጠፈው።

እማማ ዘሐራ ራሳቸው ለመምጣት ፈቃደኛ አልነበሩም። ጋሽ ኢድሪስ ሁለት ጊዜ ሄደው ተመለሱ። በሦስተኛው አብሬ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ አስጥተው አገኘናቸው።

«ደግሞ መጣችሁ? ኧረ ተዉኝ እናንተ ሰዎች። ልጄን ሲያብጠለጥሉት ቁጭ ብዬ ልስማ?»

«እናት፣ አንተ ትመጣለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ትሰማለህ። መኪና በር ድረስ ይመጣል።»

እማማ ዘሐራ ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። «እየው ይሄ ሽማግሌ! በስተርጅና ወንድ አደረገኝ።» ጋሽ ኢድሪስም ሳቁ። አማርኛቸው ላይ ወንድና ሴት አይለዩም ነበር፤ ሲስቁባቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል። እማማ ዘሐራ ሳቃቸው ሲያልቅ የበርበሬውን ሰፌድ ወደ ጥላ ሳቡ።

«ወፍጮ ቤት ስሄድ ወረፋ አልይዝም» አሉ። «እንደ ደረስኩ ሁሉም 'እርስዎ ይቅደሙ' ይለኛል። መጀመሪያ አክብሮት መስሎኝ ነበር። አጠገቤ መቆም ስለማይፈልጉ ነው። አስፈጭቼ እስክወጣ አንድ ሰው ቃል አያወጣም። እስቲ ንገረኝ፣ ልጄ ጫት ቅሞ አያውቅም። ይህን ለማን ልንገር?»

ጋሽ ኢድሪስ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «የትኛው ጆሮ ነው የሚሰማ?» ብለው ጠየቁ።

«በምን አወቅህ?»

«ስናገር ታዞራለህ።»

«ግራው ነው። ቀኙ ሰዒድን ስወልድ ታምሜ የደነቆረ ነው።»

እርሳሷን አውጥተው ጻፉ። ከበሩ እስከ መንገዱም በእግራቸው ለኩ፤ አርባ ሁለት እርምጃ። እማማ ዘሐራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስንወጣ፣ «ማክሰኞ እመጣለሁ። አንተን ላለማመላለስ ብዬ ነው» አሉ።

መንገድ ላይ ባጃጅ እየጠበቅን ሳለ ነው የነገሩኝ።

«ኢንጅነር፣ የምስክሮች ዝርዝር ላይ ስንት ሰው አለ?»

«ዘጠኝ።»

«አሥረኛ መስመር ጨምር። የእኔን ስም።»

በአደጋው ቀን ጋሽ ኢድሪስ የመናኸሪያው በር ላይ ነበሩ። የመውጫ ወረቀት የሚፈርሙት እሳቸው ነበሩ። ሰዒድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ፍሬኑ እንዳላማረው፣ ማደር እንደሚፈልግ ነገራቸው። ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ልጆች ያለቅሳሉ፤ በማግስቱ ዓረፋ ነው። ሌላ መኪና የለም። ቀስ ብለህ ሂድ ብለው ፈረሙለት። ይህን ሁለት ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ አንዱ ሞተ። ከአደጋው በኋላ መናኸሪያው በር ላይ መቆም አቅቷቸው ዝውውር ጠየቁ፤ ማንም ምክንያቱን አልጠየቃቸውም።

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው። ጠንክሮብኝ ወጣ።

«ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም።»

ባጃጁ መጣ። ሱቄ ገብቼ አሥረኛውን መስመር ጻፍኩ፤ ዝርዝሩን በማግስቱ ወስጄ ለመርማሪ ቡድኑ ሰብሳቢ ሰጠሁ።

ማክሰኞ ሁሉም በቦታው ነበር። መኪናው እማማ ዘሐራን በሰዓቱ አመጣ። አንዱን ስፒከር ከሳቸው ወንበር በግራ በኩል፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አድርጌዋለሁ። በበርታኛ የሚያስተረጉም አንድ መምህር ከሰብሳቢው አጠገብ ተቀመጠ። ከሟች ቤተሰቦች ማንም አልወጣም፤ በእነሱና በእማማ ዘሐራ መካከል ግን አንድ ሙሉ ረድፍ ባዶ ሆነ። ጋሽ ኢድሪስ በግድግዳው ጥግ ቆመው ያንን ረድፍ ያዩት ነበር።

ከአደጋው የተረፉ፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ መካኒክ፣ እያሉ እስከ ስምንተኛው ምስክር ደረስን። መካኒኩ ፍሬኑ ችግር እንደነበረበት ተናገረ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ታዲያ ሹፌሩ አያውቅም? ለምን ነዳ?» ብሎ ጮኸ። እማማ ዘሐራ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ የእድሩ ሰዎች በሩ ላይ ታዩ። የእድሩ ዳኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለጋሽ ኢድሪስ ነገሯቸው፤ ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት አርፈዋል፤ ለቀስተኛ መምጣት ጀምሯል። ጋሽ ኢድሪስ ወደ ኋላ ሄዱና በበርታኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ከፊታቸው የነበረው ሰው ሐሚድ ነው። ሐሚድ ቀና ብሎ አያቸው፤ ተነሣና ወንበሩን ራሱ አንሥቶ ለእድሩ ሰዎች ሰጣቸው። ሌሎቹም ተከተሉት። ስልሳ ወንበር ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ በበሩ ወጣ። ስልሳ ሰው ቆሞ ቀረ። ባዶው ረድፍ እያለ ከመካከላቸው ማንም ወደዚያ አልሄደም።

ዘጠነኛው ምስክር ጨረሰ። ሰብሳቢው አሥረኛውን ስም ጠሩ።

ጋሽ ኢድሪስ ከግድግዳው ወጥተው ባለ ክንዱ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ለማስተካከል የተቀመጡ መስሎት የሳቀ ሰው ነበር። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ።

«አባት፣ ሕዝቡ ቆሟል። ቢያሳጥሩልን።»

ጋሽ ኢድሪስ ወደ ኋላ ዞረው የቆሙትን አዩ። ሰው ቆሞ ማየት የማይችሉት ሰው፣ ስልሳውንም አንድ በአንድ ያዩ መሰለኝ።

«አላሳጥርም» አሉ። «ሰው ቆሟል ብዬ አንድ ቀን ቸኩያለሁ። ዛሬ ይቁም።»

አስተርጓሚው ሊጀምር ሲል እጃቸውን አነሡ። «ይሄን እኔ ራሴ በሁለቱም እናገራለሁ። መጀመሪያ በአማርኛ። እሱ ብዙ ጠብቋል» አሉ፤ ወደ እማማ ዘሐራ እያመለከቱ። ከዚያ ተናገሩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እኔ በር ላይ ነበርኩ። ሰዒድ ወረቀት ይዞ መጣ። 'ጋሼ፣ ፍሬኑ አላማረኝም፣ ልደር' አለኝ። ሰው ፀሐይ ላይ ነው። ነገ ዓረፋ ነው። 'አብሽር፣ ቀስ ብለህ ሂድ' አልኩ። ፈረምኩ። ወረቀቱ ላይ ፍሬን ደህና ነው የሚል ቦታ አለ፤ እዚያም ምልክት አደረግሁ። አላየሁም፤ ምልክት አደረግሁ። ጫት የለም። እንቅልፍ የለም። ልጁ መቅረት ፈልጓል። የላክሁት እኔ ነኝ። ዓመት ከሁለት ወር ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው።»

ስፒከሩ እሪ አለ። ድምፁን ዝቅ ማድረግ እንኳ ረሳሁ። እማማ ዘሐራ ሰብሳቢውን ሳያስፈቅዱ ተነሡ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለህ?» አሉ። «ወረቀቱን ሲቀበልህ። ልጄ ያለህን፣ ሳትጨምር ንገረኝ።»

ጋሽ ኢድሪስ ሁለቱንም ክንዶች ያዙ።

«'እሺ' አለኝ።»

«እሺ አለ» አሉ እማማ ዘሐራ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «እሱ እሺ ነው የሚል። ከልጅነቱ ጀምሮ እሺ ነው የሚል።» ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ጋሽ ኢድሪስ ፊታቸውን ወደ ቤተሰቦቹ አዙረው እንደ አዲስ በበርታኛ ጀመሩ። በርታኛ እምብዛም አልሰማም። ግን መሀል ላይ የሰዒድን ስም ሰማሁ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «እሺ» የምትለዋን። እሷን አልተረጎሟትም። ከቆሙት ስልሳ ሰዎች አንድም የወጣ የለም። ሐሚድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጥቂት ቆይቶ የቆሙት አንድ በአንድ እየመጡ በባዶው ረድፍ ላይ መቀመጥ ጀመሩ።

እማማ ዘሐራ ወደ መኪናው ሲሄዱ ጋሽ ኢድሪስን አላዩአቸውም። እሳቸውም አልተከተሉም። አዳራሹ ባዶ ሲሆን በረድፎቹ መካከል እየሄዱ መደገፊያዎቹን በመዳፋቸው መታ እያደረጉ ቆጠሩ። «ኸላስ፤ መቶ ሰማንያ» አሉ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው ቆጥረው እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

ከሥራ ታገዱ። ክሱም ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ በዋስ ወጥተው ባምባሲ ልጃቸው ቤት ይኖሩ ነበር። አንድ ጊዜ ሄጄ አየኋቸው። የልጃቸው ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው መኪና የሚጠብቁ ሰዎችን ያያሉ። በጣም ከስተዋል። «እናት መልእክት ልኮ ያውቃል?» አሉኝ። የለም አልኩ። «ልክ ነው» አሉ። ሌላ አልጠየቁም። ስነሣ ግን፣ «ወፍጮ ቤት ወረፋ ይይዛል አሁን?» አሉ። አላውቅም ነበር። ጠይቄ ልመለስ እችል ነበር፤ አልተመለስኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

የሞታቸውን ወሬ በሰማሁ ማግሥት ባምባሲ ሄድኩ። ግቢው ጠባብ ነው፤ ሸራ ተዘርግቷል። ሰው ከወንበሩ በዝቶ ብዙዎች ቆመዋል። እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ ያን ያህል ሰው እንዲቆም አይፈቅዱም ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እኔም ቆምኩ።

ከቀትር በኋላ እማማ ዘሐራ በበሩ ገቡ። ከባጃጅ ወርደው በዝግታ ነው የመጡት፤ በአንድ እጃቸው ትንሽ የእንጨት በርጩማ ይዘዋል። ሮጬ ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉ። ጥግ ላይ አስቀምጠዋት ተቀመጡና ግራ ጆሯቸውን ቁርአን ወደሚቀራው ሰው አዞሩ።

አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ በርጩማዋን ለምን ተሸክመው እንደመጡ ጠየቅኋቸው።

«ለቅሶ ቤት ወንበር ይጎድላላ።»

«ይቅር አሏቸው ማለት ነው?»

«እሱን ለአላህ ትቼዋለሁ። ይቅር አላልኩም፤ መጣሁ።» ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «አሁን ወረፋ እይዛለሁ» አሉ። «ከኋላዬ የቆመችው ሴት ባለፈው ሰሞን ልትቀድመኝ ብላ ተጣላችኝ። ደስ አለኝ።»

ሊመሽ ሲል ተነሡ። በርጩማዋን አንሥቼ ልከተላቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተዋት፣ ትቆይ» አሉ። «ነገም ቆሞ የሚውል ሰው አለ።»